በአንገትጌው ውስጥ የሰፋሁት

ልብስ ሰፊ ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ከመስጊዱ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት በረንዳ ላይ፣ በእግር በምትረገጥ መኪና፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ልብስ ሰፍቻለሁ። የዒድ ጀለብያ፣ የጥምቀት ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ልብስ፣ ምን ያልሰፋሁት አለ። ደንበኞቼ «የፋጡማ ስፌት አይጎረብጥም» ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ መርፌዬን እፈልጋለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስፌቴ ስለጎረበጣት አንዲት ልጅ ነው። ልጅቱ የራሴ ናት።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሞባይል እኛ ከተማ ገና መግባቱ በነበረበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ጀማል ጅዳ በሾፌርነት ይሠራል፤ እኔ ከእናቱ ጋር እኖራለሁ። ልጃችን ሐያት ሰባት ዓመቷን ይዛለች። ሐያት አትናገርም። ስትጠሯት ዞር አትልም፤ ሰው ዓይን ውስጥ አትመለከትም። የስፌት መኪናዬን ጎማ በመዳፏ እያሽከረከረች ግማሽ ቀን ትቀመጥ ነበር። እሷ ጎማውን ስታሽከረክር እኔ በእጄ እዘመዝማለሁ፤ ያኔ ቤታችን ሰላም ነው።

ሰላሙ የሚያልቀው ልብስ ሲመጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሷን ማልበስ ማለት ከሰው ጋር መታገል ማለት ነው። አንገትጌውን በሁለት እጇ ይዛ ትቀዳለች፤ እጅጌውን በጥርሷ ትበጥሳለች፤ ጩኸቷ ታችኛው መንገድ ድረስ ይሰማል። ቀሚሷን አውልቃ ወደ ውጭ ስትሮጥ በጋቢ ጠቅልዬ የመለስኳት ቀን ስንት ነው! ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «የልብስ ሰፊ ልጅ ልብስ አትወድም» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ። በኋላ ማልቀሱም ደከመኝ።

ጀማል ሰው በመጣ ቁጥር ልብስ ይልካል። አዲስ፣ ውድ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ። ከሥሩ መረብ የተነጠፈበት፣ ደረቱ ላይ ጌጥ የፈሰሰበት፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ። የጅዳ ሰው ያላት ልጅ ያረጀ ነገር ለብሳ እንዴት ትታያለች? ባረጀ ልብስ ብትወጣ ሰው የሚያማው አባቷን ነው። ስለዚህ ስትቀድ በላዩ ሌላ አዲስ አለብሳታለሁ።

ክታቡን ያመጡት አማቴ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሐያትን ከእኔ ባላነሰ ይወዷታል። ጂን ነው ብለው አንድ ሼህ ጋ ሄደው አስጻፉላትና በቆዳ አሰፍተው አመጡላት። አንገቷ ላይ ስናስረው በጠሰችው። ደግመን ስናስር ደግማ በጠሰችው። አማቴ ደስ አላቸው። «አየሽ? ያ የያዛት ነገር ክታቡን አልወደደውም። እየሠራ ነው ማለት ነው!» አሉኝ። እኔም አመንኩ። እንዳትበጥሰው ብዬ በየቀሚሷ አንገትጌ ውስጥ፣ በማጅራቷ በኩል፣ በወፍራም ክር ሰፋሁላት። ጩኸቷ ባሰ። ጩኸቷ ሲብስ ሁለተኛ ክታብ መጣ፣ እሱን ወገቧ ላይ። ከዚያ ሦስተኛ፣ እሱም ወገቧ ላይ። በጮኸች ቁጥር ክታብ እንጨምራለን፤ በጨመርን ቁጥር ትጮኻለች።

በዚህ መሀል ጀማል ደወለ። «ቪዛሽ ወጥቷል፤ ነይ። እዚህ ቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ» አለኝ።

«ሐያትስ?»

ስልኩን አማቴ ተቀበሉኝ። እናትና ልጅ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከደሴ ወዲያ አንድ ሼህ ቤት አለ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች እዚያ ይቆያሉ፤ የሚሮጡትን ያስሯቸዋል፤ በዱዓ ይቀመጣሉ። ሐያት እዚያ ትገባለች፤ ስትድን አያቷ ያመጧታል፤ እኔ ወደ ጅዳ እሄዳለሁ። የሚያደርሰን የጀማል ታላቅ ወንድም፣ እህል ነጋዴው ጋሼ ሰይድ ነው።

እምቢ አላልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውስጤ ቀለል ብሎት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ከማንም ጋር ሳልታገል ፊቴን ስታጠብ ታየኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የሄድንበት ቀን ማለዳ ሐያትን ሰው ቤት እንደምትገባ ልጅ አለበስኳት። ሮዝ የጅዳ ቀሚስ፣ ከሥሩ ጥብቅ ያለ ሱሪ፣ ከላይ የለጋምቦን ብርድ ፈርቼ የበግ ጠጉር ሹራብ፣ ራሷ ላይ ላስቲክ ያለው ሻሽ። አማቴና እኔ ሁለት ሆነን ይዘናት ነው ያለበስናት። አማቴ ግንባሯን ስመው «አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ» አሏትና ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ።

አውቶብሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ መጮኽ ጀመረች። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በነጠረ ቁጥር ማጅራቷን ከወንበሩ ጋር ታጋጫለች። እጆቿን እይዛለሁ፤ ትነክሰኛለች። መጀመሪያ ሰዉ አዘነልን። አንዲት ሴት ብስኩት ሰጠቻት፤ ወረወረችው። አንድ ሰውዬ ከኋላ ቁርኣን ይቀራላት ጀመር። ሰዓቱ ሲገፋ ግን ማዘኑ አለቀ።

«ኧረ በአላህ፣ ራሳችንን በጠበጠችው!»

«አባቷ የለም እንዴ? አንድ ጊዜ ቆንጠጥ ቢያደርጋት...»

«ተዉ፣ በሽተኛ ናት» ይላል ጋሼ ሰይድ፣ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ። እኔን አያየኝም። ያፈረው በእኛ ይሁን በእነሱ አላውቅም።

ለጋምቦ ገብተን አቀስታ ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ሁሉም ሲወርድ ሐያትን አቅፌ የመጨረሻ ወረድኩ። ያኔ ነው ሮዙ አንገትጌ ላይ ደም ያየሁት። ጥቂት ነው፤ ግን ደም ነው።

የገበያ ቀን ነበር። የአቀስታ ነፋስ አጥንት ይገባል። ከመንገዱ ዳር ሰልባጅ ሻጮች ሸራ አንጥፈው ልብስ ከምረዋል። አንዱ ክምር አጠገብ መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐያት ጭኔ ላይ ትንፈራገጣለች። ጋሼ ሰይድ ሻይ ይዞልኝ መጣ። «ጠጪ። አራት ሰዓት ታገሽ፤ ደሴ እንደርሳለን፤ ከዚያ ያንቺ ድካም አበቃ» አለኝ። ሻዩን ይዤው ቀዘቀዘ።

ልብሱን የሚሸጡት ስልሳ ያለፋቸው ሴት ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፤ በኋላ እትዬ ሙሉ እንደሚባሉ ነገሩኝ። ቆይተው ተነስተው መጡና ፊታችን ቁጢጥ አሉ።

«አብሽሪ የኔ ልጅ። ምን ሆና ነው?»

«አሟት ነው እትዬ። ለዱዓ እየወሰድናት ነው።»

«የት ጋ ነው የሚያማት?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው የሚጠይቀኝ ማን እንደያዛት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዛት ነው። የት ጋ እንደሚያማት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

እትዬ ሙሉ መልስ አልጠበቁም። የሐያትን እጆች እየተመለከቱ ነበር። «እጇ የት እንደሚሄድ አትመለከቺም እንዴ? ማጅራቷ። ወገቧ። ማጅራቷ። ወገቧ። ምን አለ እዚያ?»

«ክታብ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አውልቂላት።»

ክው አልኩ። «አይሆንም እትዬ! እሱ ከወጣ ትሞትብኛለች።»

ጋሼ ሰይድም ሰምቶ ቀረበ። «እናት፣ በዚህ አይግቡብን። እሱን የሚነካ የለም» አለ። አክብሮ ነው የተናገረው፤ ግን ቆጣ ብሏል።

እትዬ ሙሉ አልተቆጡም። መሬቱ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ለእኔ ብቻ ማውራት ጀመሩ። «ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እንደሷ የማይናገር። ከአባታችን ያረጀች ነጠላ በቀር ገላው ላይ ምንም አያስቀምጥም። እኛ ደግሞ ያው፣ የእነ እገሌ ልጅ ቡትቶ ለብሶ ይዞራል እንዳንባል፣ አዲስ በርኖስ አለበስነው። የበግ ጠጉር፣ ያውም ወፍራም። ቀደደው። ደግመን አለበስነው፤ ቀደደው። ጠበል ወሰድነው። በኋላ ልብሱን እንዳያወልቅ ብለን እጁን አሰርነው። ሁለት ክረምት ታስሮ ሞተ።» አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ስንገንዘው ምን እንዳደረግን ታውቂያለሽ? ያቺኑ የአባታችንን ነጠላ ፈልገን አመጣንና አለበስነው። ለሬሳው።»

ሐያት አሁንም ትጮኻለች።

የስፌት ዕቃ ከእጄ አይለይም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ምላጭ ነበረኝ። አወጣሁት።

«ፋጡማ!» አለ ጋሼ ሰይድ። «እናቴን ምን ልንላት ነው?»

«ጋሼ ሰይድ፣ በአላህ፣ አንቱ ያዙልኝ። እንዳልቆርጣት።»

ቆመ። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሰው ከቦናል። ከዚያ ተንበረከከና የሐያትን ትከሻ በሁለት እጁ ያዘልኝ። ለምን እንደያዘልኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ሻሹን አወለቅሁ። ሹራቡን አወለቅሁ። አንገትጌውን ገልብጬ ስፌቴን አገኘሁት። የራሴን ስፌት መቼም አውቀዋለሁ። እንዳይተረተር ብዬ በናይለን ክር ሦስት ጊዜ ደርቤ የሰፋሁት ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነኝ አላልኳችሁም? ምላጩን ሳስገባ እምቢ አለኝ። ልጅቱ ትንፈራገጣለች፣ ክሩ አይበጠስም። እየተሳደብኩ ነበር የተረተርኩት፤ የምሰድበው ራሴን ነው። የክታቡ ቆዳ ሲላቀቅ ከሥሩ ያለው ገላዋ ታየኝ። አራት ማዕዘን ሆኖ የተላጠ ቁስል፤ ልክ በክታቡ መጠን። የናይለኑ ቋጠሮ ጫፍ መሀሉ ላይ ሰርስሮ ገብቷል። ቆዳው በደረቀ ቁጥር ጠርዙ እየጠነከረ ስንት ጊዜ እንደሞረዳት አላህ ይወቅ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ይዩት» አልኩ።

አየ። እጁን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

የወገቧን ሁለቱንም ተረተርኩ። እትዬ ሙሉ ክምራቸው ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተው አንድ የወንድ ልጅ ካናቴራ አመጡ። ቀለሙ የለቀቀ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ። አንገቱ ላይ ያለችውን የፋብሪካ ምልክት በጥርሳቸው በጥሰው አወጡ፤ ከዚያ ካናቴራውን ገለበጡት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን። እኔ ልብስ ሰፊዋ ደነገጥኩ። ገልብጦ መልበስ? ያውም ሰልባጅ? ከሞት ጋር እየተናነቅኩ ሰው ምን ይላል የሚለው አልለቀቀኝም፤ አያችሁ የሰውን ነገር።

«መጀመሪያ እጇ ላይ አስቀምጪላት። እሷ ትንካው» አሉኝ።

አስቀመጥኩላት። ሐያት ወረወረችው። እትዬ ሙሉ አንስተው መልሰው አስቀመጡላት። ያዘችው። በጣቶቿ አሸችው። ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጩኸቷ ወደ ማጉረምረም ወረደ። በእትዬ ሙሉ ጋቢ ከልለናት ሳለብሳት አልታገለችኝም። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጇን ራሷ እጅጌው ውስጥ አስገባች።

ከዚያ ዝም አለች።

ዝምታው አስፈራኝ፤ ሞተችብኝ ብዬ ደረቷን ዳበስኩ። ልቧ ይመታል። ደረቷ ላይ ያለውን ጨርቅ በመዳፏ ታሻለች። ጥቂት ቆይታ፣ ሳታየኝ፣ ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ልጄ ፈቅዳ ተደግፋኝ አታውቅም ነበር። ለካ ባቀፍኳት ቁጥር ያን ቆዳ ማጅራቷ ላይ የምጭነው እኔ ነበርኩ። ሻዩ የት እንደተደፋ አላውቅም፤ ብቻ እያለቀስኩ ነበር፤ እትዬ ሙሉ ጋቢያቸውን በሁለታችንም ላይ ላላ አድርገው ጣሉብን።

አውቶብሱ ጡሩምባውን ነፋ። ጋሼ ሰይድ «እንግዲህ ዝም ካለች እንሂድ» አለ፤ ግን እሱም ያመነበት አይመስልም።

«አልሄድም።»

«ፋጡማ፣ ቪዛው ይቃጠላል። ለጀማል ምን ልበለው?»

«ፋጡማ ልጇን የሚያማትን ቦታ አገኘችው በሉት። እዚያ ወስደው ሲያስሯት የት ጋ እንደሚያማት ማን ይጠይቃታል?»

ጋሼ ሰይድ አውቶብሱን ተመለከተ። ዕቃችንን ከላይ አስወረደ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ። ሰልባጁ ክምር አጠገብ ተጎንብሶ፣ ያ ትልቅ ነጋዴ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አንድ በአንድ እያነሳ ካናቴራዎቹን ጉንጩ ላይ ያስነካ ጀመር። «ይቺ ትኮሰኩሳለች። ይቺ ትሻላለች» እያለ ሁለት መረጠ። ከሰዓት በሚመለሰው መኪና ወደ መካነ ሰላም ተመለስን። ሐያት መንገዱን ሙሉ ተኛች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም መልካም ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ሐያት አልተናገረችም፤ ዛሬም አትናገርም። ቪዛው ተቃጠለ። ጀማል ሦስት ወር አልደወለልኝም፤ ሲደውልም ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። አማቴ አኮረፉኝ፤ ያስታረቁን የሰፈራችን ሼህ ናቸው። ክታቦቹን ይዤ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው በእጃቸው አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ቁስል ላይ ስፊው ያለሽ የለም። ከበሩ በላይ ስቀዪው» አሉኝ። ሰቀልኩት፤ እዚያው ነው ያለው። አማቴም ቁስሏን በገዛ እጃቸው ቅቤ ሲቀቡላት ከረሙ።

ኦቲዝም የሚባለውን ቃል የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ደሴ ሄጄ ነው፤ አንዲት ነርስ አስረዳችኝ። እንዲህ ያሉ ልጆች ለእኛ ምንም ያልመሰለን ስፌት ቆዳቸው ላይ እንደ እሾህ ሊሰማቸው ይችላል አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። እንግዲህ እናንተም እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ወይም ጎረቤታችሁ ካለ፣ ሲጮኽ መጀመሪያ አንገትጌውን ገልብጣችሁ እዩ። አዲሱን ልብስ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ይለስልስ። ምልክቱን ቁረጡ፣ ላስቲኩን አውጡ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ቢሆን ማንም አይሞትም። የወደደው አንድ ልብስ ከሆነ ያንኑ ይልበስ፤ ሰው ያማችኋል፣ እኔንም አምተውኛል። ልብሱን ስትመርጡ እጁ ላይ አስቀምጡለትና ጠብቁት። መጠበቁ ያደክማል። ከመታገል ግን ይሻላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ ይህን ሳላውቅ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ይቅርታ የምጠይቃት በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም። ፀጉሯን ስሠራላት ማጅራቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አገኘዋለሁ፤ አራት ማዕዘን ነው። እጄ እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ሐያት አሁን ትልቅ ሰው ናት። በረንዳው ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ስሠራ የመኪናውን ጎማ እንዳትነካ ተግባብተናል። ያለፈው ዒድ ዕለት እህቴ ከደሴ የላከችልኝን አዲስ ቀሚስ ለብሼ እንግዳ አስተናግዳለሁ። አንገቴን በላኝ። እያወራሁ አካለሁ፣ ሻይ እየቀዳሁ አካለሁ፤ ልብም አላልኩት። ሐያት ከተቀመጠችበት ተነሳች። መኪናው ላይ ያለውን መቀስ አነሳች። እንግዶቹ ደነገጡ፤ አማቴ «ያ ረቢ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ቀዝቃዛ ጣቶቿ አንገትጌዬን ገለበጡት፤ መቀሱ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ የፋብሪካ ምልክቷን ጭኔ ላይ ጣለችልኝና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

እኔ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ፤ እሷ ግን ሳክ ማየት ብቻ በቃት።